ለማኅበራችን ቻናል እንከራይ? ስለ አነስተኛ ኃይል ቴሌቪዥን የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በአሜሪካ በአንዲት መካከለኛ ከተማ የሚገኝ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። በከተማችን ያለ አነስተኛ ኃይል ያለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ከንዑስ ቻናሎቹ አንዱን በወርኃዊ ኪራይ ለ24 ሰዓት እንድንይዝ ጠይቆናል። ሽማግሌዎቻችን ‹የራሳችን ቴሌቪዥን ሊኖረን ነው› ብለው ተደስተዋል፤ ወጣቶቹ ደግሞ ‹ዩቲዩብ እያለ ምን ይሠራልናል?› ይላሉ። ለመሆኑ እንዲህ ያለው ጣቢያ ምንድን ነው? ከየት መጣ? እስካሁንስ ምን ሲያሳይ ኖረ? ውሉን እንፈርም?»

ውድ ጠያቂ፣

በአሜሪካ የማሰራጫ መሣሪያ ቴክኒሺያን ሆኜ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ የዚያ ገሚሱ ያለፈው በእነዚሁ አነስተኛ ጣቢያዎች ምሰሶ ሥር ነው። ስለዚህ መልሱን አስቀድሜ ምክንያቱን ላስከትል፦ ቻናሉን አትከራዩ፤ ሰዓት ተከራዩ። በሳምንት ሦስት ሰዓት ይበቃችኋል። ሦስት ያልኩት በግምት አይደለም። ቁጥሩን ያገኘሁት ከሕግ ነው፤ ስደርስበት እነግርዎታለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ የራሳችንን ስጠቅስ እናገራለሁ።)

«የራሳችን ቴሌቪዥን» ከሚለው ልጀምር። የአየር ሞገድን እንደ መሬት ይቁጠሩት። ሙሉ ኃይል ያላቸው ጣቢያዎች ባለርስት ናቸው፤ የአሜሪካን የአየር ሞገድ የሚያስተዳድረው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የሰጣቸውን ቦታ ማንም አይገፋቸውም። አነስተኛ ኃይል ያለው ጣቢያ ግን ጭሰኛ ነው። ሕጉ በጨዋ ቋንቋ «ሁለተኛ ደረጃ አገልግሎት» ይለዋል። ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ የባለርስቱን ስርጭት ማወክ አይፈቀድለትም፤ ባለርስቱ ሲያውከው ግን ችሎ መኖር አለበት። ባለርስቱ ቦታውን የፈለገው ዕለት ጭሰኛው ማሰራጫውን ነቅሎ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ይፈልጋል፤ ካጣም ይዘጋል። እናንተ ደግሞ ከእርሱ ንዑስ ቻናል (በአንዱ ጣቢያ ሞገድ ላይ አብረው ከሚሰራጩት ቻናሎች አንዱን) ብትከራዩ የጭሰኛ ጭሰኛ ናችሁ። ይህን ለሽማግሌዎቹ ሲያስረዱ ብዙ ቃል የሚፈጅብዎት አይመስለኝም፤ ጭሰኝነትን ከእኔም ከእርስዎም በላይ ያውቁታል።

ነገሩ የተወለደው ተራራ ላይ ነው። በ1950ዎቹ ቴሌቪዥን በትልልቅ ከተሞች ሲስፋፋ በኮሎራዶ፣ በሞንታናና በመሰሉት ምዕራባዊ ግዛቶች በሸለቆ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ስዕሉ አይደርሳቸውም ነበር። የቴሌቪዥን ሞገድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ ተራራ አይዞርም። ሰዎቹ ምን አደረጉ? ገንዘብ አዋጥተው ተራራው ጫፍ ላይ አንቴና ተከሉ፤ የሩቁን ጣቢያ ምልክት ተቀብሎ፣ አጉልቶ ወደ ሸለቆው የሚወረውር መሣሪያም አቆሙ። ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ኮሚሽኑ «ዝጉ» ሲላቸው የኮሎራዶው ገዥ ኤድ ጆንሰን በ1956 እነዚህን ሕገ ወጥ ማጉያዎች የሚያንቀሳቅሱትን ሰዎች የራሱ የኮሙኒኬሽን ሠራተኞች አድርጎ ሾማቸውና ነገሩን የግዛትና የፌዴራል ጠብ አደረገው። በዚያው ዓመት ኮሚሽኑ የሌላ ጣቢያን ምልክት ተቀብለው በሌላ ቻናል የሚያስተላልፉ ትንንሽ ጣቢያዎችን ፈቀደ፤ በ1960 ደግሞ ያለ ፈቃድ የቆሙት ማጉያዎች ሕጋዊ የሚሆኑበት መንገድ ተከፈተ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲጀመር ስርጭቱ የአዲስ አበባ ነበር፤ ወደ ክፍለ ሀገር የወጣው በየተራራው ጫፍ በተተከሉ ማስተላለፊያዎች ነው። ልዩነቱ በእኛ ዘንድ ማስተላለፊያውን የተከለው መንግሥት መሆኑ ነው። በኮሎራዶ ገበሬዎችና ባለሱቆች ነበሩ። ያም ሆነ ይህ፣ ማስተላለፊያው የሌላውን ቃል ከመድገም በቀር የራሱን አንዲት ቃል መናገር አይፈቀድለትም ነበር።

አነስተኛ ኃይል ቴሌቪዥን ማለት እንግዲህ ይህ ማስተላለፊያ አፍ ሲያወጣ ነው። ኮሚሽኑ ሐሳቡን በ1980 አቀረበ፤ ደንቡን ያጸደቀው በመጋቢት 1982 ነው። የሚከለከሉ ነገሮች ጥቂት፣ የሚጠየቀው ካፒታል አነስተኛ፣ ኃይሉም በልኩ እንዲሆን ተደረገ፤ በመጀመሪያው ደንብ የማሰራጫው ኃይል በቪኤችኤፍ (በዝቅተኛው የቴሌቪዥን ሞገድ ክልል) 10 ዋት፣ በዩኤችኤፍ (በከፍተኛው ክልል) 1,000 ዋት ነበር። 10 ዋት ማለት ከአንድ የድሮ የመኝታ ቤት አምፖል ያነሰ ነው! ሆኖም ጥሩ ከፍታ ላይ ጥሩ አንቴና ከተሰቀለ አንዲትን ትንሽ ከተማ ያዳርሳል። ደንቡ ገና ሳይጸድቅ፣ በ1981 መጨረሻ በሰሜን ሚኒሶታ ቤሚጂ በምትባል ከተማ ኬ26ኤሲ የተባለው ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ የዘርፉ በኩር ተደርጎ የሚቆጠረው እርሱ ነው። ቤሚጂ ከሚኒያፖሊስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ትልልቆቹ ጣቢያዎች ስለ እርሷ የሚያወሩት በረዶ ሲበረታ ካልሆነ በቀር አልነበረም።

በነገራችን ላይ ስሙ ራሱ ብዙ ይናገራል። ኬ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምዕራብ፣ ደብልዩ በስተምሥራቅ ያለ ጣቢያ ነው፤ 26 የቻናሉ ቁጥር ነው፤ የቀሩት ሁለት ፊደላት መለያ ናቸው። ዛሬ አራት ፊደል የያዙም አሉ፤ ከኋላቸው «ኤልዲ» ካለ ተራ አነስተኛ ኃይል ዲጂታል ጣቢያ፣ «ሲዲ» ካለ ደግሞ ከፍ ያለ ጥበቃ ያለው ነው። እርስዎን የጠየቀው ጣቢያ የትኛው እንደሆነ ዛሬውኑ ይመልከቱ፤ ልዩነቱ የውል ጉዳይ ነው፤ ወደ ታች ይገባዎታል።

ከ1980 በኋላ የሆነው የአሜሪካን አገር ጠባይ ያሳያል። ማመልከቻ በሺዎች ጎረፈ፤ ኮሚሽኑ በ1981 በሩን ዘጋ። ማንን ከማን እንደሚያስበልጥ ቢቸግረው ከ1983 ጀምሮ ፈቃዱን በዕጣ ማደል ጀመረ። በትክክል አንብበዋል፤ የቴሌቪዥን ጣቢያ ፈቃድ በሎተሪ! ለአናሳ ብሔረሰቦችና ሌላ የመገናኛ ብዙኃን ለሌላቸው አመልካቾች የተሻለ ዕድል እንዲኖር ታስቦ ነበር፤ ሐሳቡ መልካም ነበር። ችግሩ ዕጣ የጣቢያ ፍላጎት ያለውንና የፈቃድ ነጋዴውን አይለይም። አንዳንዱ ዕድለኛ ፈቃዱን በኪሱ ይዞ ገዥ ሲጠብቅ ኖረ። የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንድ ጣቢያ ለ12 ተከታታይ ወራት ዝም ካለ ፈቃዱ በራሱ ይሞታል ስለሚል፣ በዓመት አንድ ቀን ማሰራጫውን ለኩሶ መልሶ የሚያጠፋ ባለፈቃድም አይቻለሁ። ተራራ ላይ በመኪና ወጥቼ፣ ማንም የማያየውን የቀለም ሰሌዳ ለጥቂት ሰዓት አሰራጭቼ፣ መዝገብ ላይ ፈርሜ የወረድኩበት ቀን አለ። ደመወዜን ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን ያን ቀን ለልጆቼ ምን ስሠራ እንደዋልኩ አልነገርኳቸውም።

ምን ሲያሳዩ ኖሩ ላሉት፣ መልሱ እንደ ባለቤቱ ነው።

በትንንሽ ከተሞች ያሉት፣ በባለቤታቸው እጅ የሚሠሩት፣ ለእኔ የዘርፉ ነፍስ ናቸው። ዓርብ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእግር ኳስ ጨዋታ (የእነሱን እግር ኳስ ማለቴ ነው) በሁለት ካሜራ ይቀረጻል፤ ከካሜራዎቹ አንዱን የሚይዘው ብዙ ጊዜ የተጫዋች አባት ስለሆነ ኳሱን ትቶ ልጁን ሲከተል ያመልጠዋል። ሰኞ የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ፣ እሑድ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ይተላለፋል። በመሃል የጽሑፍ ማስታወቂያ ይመጣል፤ የጠፋ ውሻ፣ የሚሸጥ ትራክተር፣ የቀብር ሰዓት፤ ከኋላው የአካባቢው ሬዲዮ ይሰማል። የቀብር ማስታወቂያውን ማንም አይንቅም። በአንዲት ከተማ ያን ማስታወቂያ ለሁለት ቀን ባስቀረነው ጊዜ የደረሰን የስልክ ብዛት ጣቢያው በተቃጠለበት ሌሊት ከደረሰን ይበልጥ ነበር። ዕድር ያለው ሕዝብ ይህን ሲሰማ አይደነቅም።

ሁለተኛው ዓይነት የተቀዳ ነው፤ ከሳተላይት አውርዶ ማሰራጨት። የሃይማኖት ድርጅቶች፣ በተለይ ትሪኒቲ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክና ስሪ ኤቢኤን፣ በርካታ አነስተኛ ጣቢያዎችን ይዘው በየከተማው አንድ ዓይነት ፕሮግራም ይለቁ ነበር። የግብይት ቻናሎችም እንዲሁ፤ ቀለበትና የወጥ ቤት ቢላዋ ሌሊቱን ሁሉ ሲሸጥ ያድራል። የስፓኒሽ ቋንቋ ኔትወርኮች በብዙ ከተሞች መጀመሪያ የገቡት በዚህ በር ነው። ከሁሉም የሚያስቀኝ ግን «ዘ ቦክስ» ነው። በ1985 በማያሚ ተጀምሮ በአነስተኛ ጣቢያዎችና በኬብል የተሠራጨ የሙዚቃ ቻናል ነበር፤ ተመልካቹ ገንዘብ በሚያስከፍል የስልክ ቁጥር ደውሎ የሚፈልገውን ክሊፕ ያዝዛል፤ አካባቢው ሁሉ ያዘዘውን ያያል። ዛሬ ወጣቶቻችሁ ዩቲዩብ ላይ የሚያደርጉትን ያኔ ሰዉ በቤት ስልክ ያደርገው ነበር። በ2001 መጀመሪያ ተዘግቶ ቦታውን ኤምቲቪ2 ወሰደው።

ሦስተኛው ዓይነት ለእናንተ የሚቀርበው ነው፤ ሰዓቱን ወይም ንዑስ ቻናሉን ለተለያዩ ማኅበረሰቦች የሚያከራየው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነኝ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ያለው ኬኤኤክስቲ ነው። ወደ ዲጂታል ሲገባ፣ በ2009 ገደማ፣ በአንድ ጣቢያ አቅም 12 የቪዲዮ ቻናሎችን በአንድ ጊዜ በማሰራጨት ስም አወጣ፤ የቬትናምና የሕንድ ማኅበረሰቦችን ጨምሮ ብዙዎች በየቋንቋቸው ገቡበት። የሠፈሩ ተከራይ ሁሉ በአንድ ግቢ ማለት ነው። በ2013 ግን ኦቲኤ ብሮድካስቲንግ የተባለ፣ ከኮምፒውተር ባለሀብቱ ከማይክል ዴል የኢንቨስትመንት ገንዘብ ጋር የተያያዘ ድርጅት ጣቢያውን ገዛ። ድርጅቱ በዚያን ጊዜ በየከተማው ጣቢያ የሚሰበስበው ቬትናምኛ ዜና ስለጣመው አልነበረም፤ ጣቢያዎች ቦታቸውን በገንዘብ የሚለቁበት የሞገድ ጨረታ እየመጣ ስለነበር ነው፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ። ከተከራዮቹ መካከል ድያ ቲቪ የተባለው የደቡብ እስያውያን ቻናል የራሱ ዝግጅት ስለነበረው ሌሎች ጣቢያዎች ላይ ገብቶ ቀጠለ። የሌላውን ፕሮግራም በማስተላለፍ ብቻ የሚኖር ተከራይ ግን አከራዩ ሲለወጥ የሚሸከመው ዕቃ የለውም።

አሁን ወደ ሦስቱ ሰዓት ልምጣ። በኅዳር 1999 የአሜሪካ ኮንግረስ ለእነዚህ ጭሰኞች አንድ ጊዜ ርስት የሚያገኙበት በር ከፈተ። መሥፈርቱ አጭር ነው፦ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በነበሩት 90 ቀናት በየቀኑ ቢያንስ 18 ሰዓት ያሰራጨ፣ ከዚያም ውስጥ በሳምንት በአማካይ ሦስት ሰዓት እዚያው በአካባቢው የተዘጋጀ ፕሮግራም ያሳየ ጣቢያ «ክፍል ኤ» ይባላል፤ ከእንግዲህ በቀላሉ ከቦታው አይነቀልም። ስማቸው ላይ «ሲዲ» የሚያዩት እነዚህ ናቸው። ሦስት ሰዓት! ለባለሙያ ሳቅ የሚመጣበት ቁጥር ነው፤ ግን ያን ጊዜ ጣቢያ ጣቢያውን ዞሬ ስቆጥር የሚያሟላው ጥቂት ነበር። ቀለበት ሲሸጥ የኖረው፣ ስብከት ከሳተላይት ሲያወርድ የኖረው፣ በሳምንት 168 ሰዓት አየር ላይ ውሎ ሦስቷን ማምጣት አልቻለም። የትምህርት ቤት ጨዋታና የምክር ቤት ስብሰባ ሲቀርጽ የነበረው፣ ሲሳቅበት የኖረው ሰውዬ ግን ባለርስት ሆነ። በጥር 2023 በወጣው ሌላ ሕግ፣ ከ95,000 በማይበልጡ ቴሌቪዥን ያላቸው ቤቶች ባሉባቸው ትንንሽ ገበያዎች ለሚገኙ ጣቢያዎች ይኸው በር ለአጭር ጊዜ እንደገና ሲከፈት፣ አሁንም መሥፈርቱ ያችው ሦስት ሰዓት ነበረች።

ጭሰኛ ሆኖ የቀረው ምን ደረሰበት? ሁለት ጊዜ ተመታ።

የመጀመሪያው የዲጂታል ሽግግር ነው። ሙሉ ኃይል ያላቸው ጣቢያዎች ሰኔ 12 ቀን 2009 አናሎግን አጠፉ። አነስተኞቹ በዚያ ቀን አልተገደዱም፤ እፎይታ ይመስል ነበር። መንግሥት ለየቤቱ አሮጌ ቴሌቪዥን የሚሆን መቀየሪያ ሳጥን መግዣ ባለ40 ዶላር ኩፖን ሁለት ሁለት አደለ። ከሳጥኖቹ ብዙዎቹ ግን ዲጂታሉን ሲቀበሉ የአናሎጉን ምልክት አያሳልፉም ነበር። በዚያ ዘመን በአንድ ጣቢያ ላይ እሑድ ጠዋት የአንድ ሰዓት የአማርኛ ዝግጅት ነበረን። ሳጥኑ በየቤቱ ሲገባ ስልክ ይጎርፍ ጀመር። አንዲት እናት «ልጄ፣ ምን አጠፋን? ለምን ዘጋችሁት?» ብለው ጠየቁኝ። ዘግተነው አልነበረም፤ መኖሪያቸው ያለችው ትንሽ ሳጥን ዘግታብን ነው። ከግድግዳው የሚመጣውን ሽቦ ነቅለው ቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ እንዲሰኩ በስልክ ላስረዳ ሞከርኩ፤ በሦስተኛው እሑድ ቤታቸው ሄጄ ራሴ ሠራሁት። ለሁሉም ቤት ግን መሄድ አይቻልም። የዘርፉ ማኅበር ስለ ሳጥኖቹ በ2008 ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ አልተሳካለትም፤ በ2009 ማኅበሩ ራሱ ፈረሰ። ለአናሎግ አነስተኛ ጣቢያዎች የተቆረጠው የመጨረሻ ቀን ሐምሌ 13 ቀን 2021 ነበር።

ሁለተኛው የሞገድ ጨረታ ነው። የስልክ ኩባንያዎች ሞገድ ጠማቸው። ኮሚሽኑ በ2016 ጀምሮ በ2017 ባጠናቀቀው ጨረታ ከቻናል 38 እስከ 51 ያለውን ቦታ፣ በድምሩ 84 ሜጋኸርዝ፣ ከቴሌቪዥን ወስዶ አብዛኛውን ለሞባይል ሸጠ፤ ገቢው 19.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ቦታቸውን በፈቃዳቸው ለለቀቁ 175 ጣቢያዎች ከ10 ቢሊዮን በላይ ተከፈለ። በጨረታው መሳተፍ የሚችሉት ግን ባለሙሉ ኃይሎቹና ክፍል ኤዎቹ ብቻ ነበሩ። እዚያው ሰፈር የነበረ ተራ አነስተኛ ጣቢያ ከካሳ ይልቅ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፦ የስልክ ኩባንያው ሥራ ሊጀምር ነውና በ120 ቀን ውስጥ ልቀቅ። ዘግይቶ በ2018 ኮንግረሱ ለመዛወሪያ ወጪ እስከ 150 ሚሊዮን ዶላር መደበላቸው፤ ይህ ለወጪ መተኪያ እንጂ ለቦታው ዋጋ አልነበረም። በሳምንት ሦስት ሰዓት ያዘጋጀው ሰውዬ ሚሊዮኖች ሲቀበል፣ አጠገቡ ያለው ጎረቤቱ ማሰራጫውን በፒክአፕ ጭኖ ሲሄድ አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ቶሎ ልለፈው፤ ብዙ አያስደስትም። ከ2017 ጀምሮ ኤችሲ2 የተባለ ኩባንያ በመላ አገሪቱ አነስተኛ ጣቢያዎችን በገፍ ገዛ፤ የዘርፉ ትልቁ ባለቤትም ሆነ። የብዙዎቹ ጣቢያዎች ንዑስ ቻናሎች ዛሬ የድሮ ተከታታይ ድራማ፣ የግብይትና የስብከት ኔትወርኮች ማጓጓዣ ናቸው። በከተማው ውስጥ ስቱዲዮም ሠራተኛም የላቸውም፤ በርቀት ከኮምፒውተር ይመራሉ። የእናንተ አከራይ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ስለ ጉዳያችሁ የምታነጋግሩት ሰው በሌላ ግዛት ነው ያለው።

እንግዲህ ውሉን ፊት ለፊት አስቀምጠን እንየው።

መጀመሪያ የሚጠይቁት ዋጋ አይሁን፤ ቢት ይሁን፤ ስዕልና ድምፃችሁ በሰከንድ የሚያገኘው የመረጃ መጠን ማለቴ ነው። አንድ ጣቢያ በመደበኛው ዲጂታል ስርጭት በሰከንድ 19.39 ሜጋቢት ነው ያለው፤ በዚያ ላይ አንድ ጠብታ አይጨመርም። አሥር ንዑስ ቻናል ከጫነ ለእያንዳንዱ ሁለት ሜጋቢት እንኳ አይደርስም። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ለሚናገር ሰው ይበቃ ይሆናል። እስክስታ ግን ይገድለዋል! ቪዲዮውን የሚያሳንሰው መጭመቂያ የሚቆጥበው ካለፈው ስዕል ያልተለወጠውን ባለመላክ ነው፤ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ፣ የነጠላ ጥለት ሲወዛወዝ፣ አሥር ጨፋሪ አንድ ላይ ሲዘል ያልተለወጠ ነገር የለም። ስዕሉ ወደ ካሬ ካሬ ይበተናል። የዘመን መለወጫ ዝግጅት ቀርጸን በአንድ የተጨናነቀ ንዑስ ቻናል ስንለቀው ወይዘሮዎቹ የሚጨፍሩት በመጋረጃ ጀርባ ይመስል ነበር። ስለዚህ በውሉ ላይ «ከዚህ በታች አይወርድም» የሚል የቢት መጠን ይጻፍ፤ ለመደበኛ ጥራት ከሦስት ሜጋቢት በታች አልፈርምም።

ቀጥሎ የሚደርስበት ቦታ ነው። ዛሬ አነስተኛ ጣቢያ በዩኤችኤፍ እስከ 15 ኪሎዋት የሚደርስ ውጤታማ የጨረር ኃይል (አንቴናው ሰብስቦ ሲወረውረው የሚሆነው ኃይል እንጂ የማሰራጫው ብቻ አይደለም) ይፈቀድለታል፤ ባለሙሉ ኃይሉ እስከ 1,000 ኪሎዋት። አከራዩ የሚያሳይዎት ካርታ ላይ ክቡ ያምራል፤ ኮረብታና ሕንፃ ግን ክብ አያከብሩም። ኬብልና ሳተላይት ኩባንያዎችም ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር አነስተኛ ጣቢያን የመያዝ ግዴታ የለባቸውም። አባሎቻችሁ በኬብል የሚያዩ ከሆነ ቻናሉ ለእነርሱ የለም ማለት ነው፤ አንቴና መግዛት አለባቸው።

ከዚያ የማይነገር ጉዳይ አለ። ብዙ ማኅበራት 24 ሰዓቱን ለመሙላት ሲጨንቃቸው ከአገር ቤት የሚመጣ ቻናል አውርዶ መልቀቅ ይቀላቸዋል። ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ የቅጂ መብት ጥሰት ነው። የመንግሥት ጣቢያ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ በ2021 የወጣ የኮሚሽኑ ደንብ በኪራይ ሰዓት የሚቀርብ ፕሮግራም ከውጭ መንግሥት የመጣ ወይም በእርሱ የተደገፈ ከሆነ በግልጽ እንዲነገር ያስገድዳል፤ አከራዩም ይጠይቃችኋል። አንድ የሚያስደስት ነገር ልንገርዎ፦ የጽሑፍ መግለጫ ከሥር የማስኬድ ግዴታ ለእንግሊዝኛና ለስፓኒሽ ፕሮግራም ነው። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ትግርኛው ከዚህ ነጻ ነው፤ ያ ወጪ የለባችሁም።

ለወጣቶቹ ጥያቄ ደግሞ ተገቢ መልስ አለ። ዩቲዩብ ያለው ሰው ዩቲዩብ ያያል፤ ትክክል ናቸው። እኛ ስደተኞች ለሳተላይትም እንግዳ አይደለንም፤ ኢቢኤስ በ2008 ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ላይ ሲቋቋም፣ ኢሳት በ2010 ሲጀምር፣ መንገዳቸው ሳተላይት ነበር፤ በአንድ ከተማ አንቴና አልተወሰኑም። አነስተኛው ጣቢያ ከእነዚህ ጋር መወዳደር አይችልም፤ መሞከርም የለበትም። የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ ስለዚያች ከተማ ብቻ። የጤና መድን ቅጽ አሞላል፣ የዜግነት ፈተና፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ለውጥ፣ ባለፈው ሳምንት ያረፉት የእገሌ አባት ቀብርና ተዝካር። ይህን ከአዲስ አበባም ከሜሪላንድም ማንም አይሠራላችሁም። ለዚህ ደግሞ በሳምንት ሦስት ሰዓት ሲበዛ ነው፤ አንድ ሰዓት አዲስ ሠርታችሁ ሁለቴ ብትደግሙት እንኳ በአንድ ዓመት 52 ሰዓት የራሳችሁ ሥራ ይኖራችኋል። ያኑ ዩቲዩብ ላይ ወጣቶቹ ይጫኑት፤ ጠቡ እዚያው ያበቃል። አከራዩ ቢሸጥ፣ ቢዘጋ፣ ቢፈናቀል ቪዲዮው የእናንተ ነው፤ ሌላ ጣቢያ ይወስደዋል።

ሌላም በር እንዳለ አትርሱ። በብዙ ከተሞች ኬብል ኩባንያዎች ለሕዝብ መጠቀሚያ ቻናል እንዲሰጡ የ1984ቱ የኬብል ሕግ ለአካባቢ መንግሥታት ሥልጣን ይሰጣል። ሥልጠናውና ካሜራው ብዙ ጊዜ በነጻ ወይም በጥቂት ክፍያ ነው። ማስታወቂያ መሸጥ ግን አይፈቀድም፤ የሚያየውም የኬብል ደንበኛ ብቻ ነው። ከተማችሁ ካለው እዚያ ስድስት ወር ተለማመዱና ወደ አከራዩ ሂዱ። ካሜራ መያዝ የሚችሉ አምስት ሰዎች የሌሉት ማኅበር የ24 ሰዓት ቻናል ሲከራይ ካየሁ የኪራዩን ሳይሆን የጸሐፊውን ጤና ነው የማስበው።

ለመደራደር ስትቀመጡ እንዲህ በሉ፦ እሑድ ከሰዓት አንድ ሰዓት፣ ሌላ ሁለት ቀን ማታ ድጋሚ፣ ውሉ የሦስት ወር፣ ጣቢያው ቻናል ቢለውጥ ወይም ቢሸጥ ያለ ቅጣት መውጣት የምንችልበት። ጣቢያው «ሲዲ» ከሆነ በየሳምንቱ የሚያስፈልገው የአካባቢ ዝግጅት ከእናንተ እንደሚመጣ አስታውሱት። ዋጋ ለመቀነስ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የላችሁም፤ አሥር ዶላር ከማትሸጥ ቀለበት ይልቅ ፈቃዱን የሚጠብቅለት የእናንተ አንድ ሰዓት ነው። «ኤልዲ» ከሆነ ይህ ክርክር አይሠራም፤ በዋጋ ብቻ ተነጋገሩ።

ከመፈረም በፊት ግን አንድ ሥራ ይሥሩ። ርካሽ የቤት ውስጥ አንቴና ይግዙና የአባሎቻችሁ መኖሪያ በበዛባቸው ሦስት ቦታዎች፣ ቢያንስ አንዱ ፎቅ ያለው አፓርትመንት ይሁን፣ ዝናብ በሚጥልበት ምሽት ይሂዱ። ሽማግሌዎቹ በሚቀመጡበት ወንበር አጠገብ አንቴናውን አስቀምጠው ቴሌቪዥኑን ቻናል ያስፈልጉት። የጣቢያው ስም ካልመጣ፣ ወይም መጥቶ በየደቂቃው ከቆረጠ፣ ካርታውን አጥፈው ለአከራዩ ይመልሱለት። ከመጣ ደግሞ እዚያው ቡና አስፈልታችሁ አንድ ሰዓት ሙሉ ተመልከቱት፤ ከእናንተ በፊትና በኋላ ምን እንደሚታይ ማወቅ ለሽማግሌዎቹም ለእርስዎም ይጠቅማል።